የወለተ ኖኅ ሸኚዎች

አስመራ ላይ ጀልባ ሠርቻለሁ። ሳቃችሁን ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

ጨረሳችሁ? ደግ። አስመራን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ከተማችን ደመና ላይ የተቀመጠች ናት፤ ባሕሩ ታች ምጽዋ ነው። እዚያ ለመድረስ አንጀት የሚያዞር ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ፣ ከወረዱም በኋላ በሙቀት መቀቀል ያስፈልጋል። እኔ ባደግሁበት በዓባ ሻውል ሠፈር ባሕር አይቶ የተመለሰ ሰው ኢየሩሳሌም ተሳልሞ እንደመጣ ይከበር ነበር። ውሃ በአህያ ተጭኖ የሚመጣልን፣ በአንድ ጣሳ ተካፍለን ፊታችንን የምንታጠብ ሰዎች ነን። ጀልባዋ የተሠራችው እንግዲህ እዚያ ነው።

ነገሩን የጀመሩት መምህር ጌታሁን ናቸው። ወደ ጥራቮሎ ሠፈር በነበረው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤታችን የእንጨት ሥራ የሚያስተምሩን፣ ከሸዋ የመጡ፣ ንግግር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ቀርቶ ትምህርቱም ቢሮውም በአማርኛ የሆነበት ዘመን ነው። መምህር ጌታሁን ክፍል በገቡ ቁጥር፣ "ልጆች! ባሕራችን ተመለሰልን!" ይሉናል። እኛ እርስ በርሳችን እየተያየን፣ "ዋእ! የት ሄዶ ኖሯል?" እንባባላለን፤ ታዲያ በሹክሹክታ ነው። ጮክ ተብሎ የማይጠየቅ ጥያቄ መኖሩ የገባን አማርኛው ራሱ ሳይገባን ነው። እሳቸውም ቢሆኑ ባሕሩን ያዩት አንድ ጊዜ፣ ያውም በአውቶቡስ መስኮት፣ ያውም እያስመለሳቸው ነበር አሉ።

የመመረቂያ ሥራ ሲባል ድሮ ወንበር ነው፤ ቢበዛ ቁምሣጥን። በእኛ ዓመት ግን መምህር ጌታሁን ተነሡና፣ "ወንበር ይበቃናል! ባሕር ያለው ሕዝብ ጀልባ ይሠራል! ማን ይደፍራል?" አሉ። ከምጽዋ አንድ የባሕር መኮንን መጥቶ ይፈትናል፤ ሥራውን የወደደለትን ተማሪ ወደ መርከብ መጠገኛው ወስዶ ይቀጥረዋል። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፋ። እኔ እጄን አነሣሁ።

ለምን እንዳነሣሁ ልንገራችሁ። አባቴ በልጅነቴ አርፎ ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም አኮይ ተኽለ ነው፤ አኮይ እኛ ዘንድ አጎቴ እንደማለት ነው። አኮይ ተኽለ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነው። በዓባ ሻውል "የተኽለ ሥራ ነው" ከተባለ ሌላ ምስክር አይጠራም፤ ሰዎች ሳይሞቱ ቀደም ብለው መጥተው እንጨት ይመርጡ ነበር። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ የሚወስደኝ ገና ባልተሸጠ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤትም "ወዲ ሳንዱቕ" ነው የምባለው፣ የሣጥን ልጅ። መጋዝ ከያዝኩ ጀምሮ አሳምሬ ልጌ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ ያስረከብኩትን ሁሉ ሰው በማግስቱ አፈር ያለብሰዋል። በዕድሜዬ አንዴ እንኳ በሕይወት ያለ ሰው የሚገባበት ነገር መሥራት አማረኝ። መኮንኑ ከወሰደኝ ምጽዋ ነኝ፤ ካልወሰደኝ አኮይ ተኽለ የሥራ ሽርጤን ምስማር ላይ ሰቅሎ ይጠብቀኛል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ቡድኔ አራት ሰው ነው። ሁለቱ ለሸክም የሚሆኑ ደንዳኖች ናቸው፤ ሦስተኛው ስዩም ነው። ስዩም መዶሻ ሲይዝ ከገዛ ጣቶቹ ጋር ቂም ያለው ይመስላል፤ ሸሚዙ ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰላምታው ወታደራዊ ነው። "እኔ በሐሳብ እረዳችኋለሁ" አለን። በሐሳብም አልረዳንም።

የትምህርት ቤቱ ክፍል በወንበር ሠሪዎች ስለተያዘ ሥራው አኮይ ተኽለ ዘንድ ሆነ። መምህር ጌታሁን ከአንድ መጽሔት የቀዱትን የጀልባ ሥዕል ሰጥተውናል፤ ችግሩ ሥዕሉ ከጎን ብቻ ነው። ከሥር ምን እንደምትመስል የሚያውቅ በመካከላችን የለም። አኮይ ተኽለ ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየና እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

"ቁመቷ ምን ያህል ይሁን?"

"ሰው የሚበቃት" አልኩት።

"ወፍራም ነው ቀጭን?"

"አኮይ! ጀልባ ነው የምንሠራው!"

"ይሁንልህ። ወፍራም ነው ቀጭን?"

ከዚያ በኋላ ሥራው እጁ እንዳስለመደው ሄደ። ምስማር ስጠይቀው ተቆጣ፤ "ምስማር የሰነፍ ነው፤ ግጣምና ኮላ!" የሱ ኮላ ከቆዳና ከአጥንት በቆርቆሮ ተፈልቶ የሚሠራ ነው፤ ሽታው ሠፈሩን ያስርባል። "ይጸናል ወይ?" አልኩት። ማንኪያውን ከቆርቆሮው አውጥቶ አፍጥጦ አየኝ።

"በዚህ ኮላ የሠራሁት ሣጥን ተላቆ ያውቃል? አንድ ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ ቅሬታ አቅርቦብኛል?"

እውነቱን ነው። አንድም አልመጣም።

ምን ልበላችሁ፣ ቆንጆ ሆነች! ግጣሟ ፀጉር አያስገባም፤ ቫርኒሿ ፊት ያሳያል። እኔ ዞር ባልኩበት አኮይ ተኽለ በግራና በቀኝ የነሐስ እጀታ ገጠመላት፤ ለመቀመጫዋም ጥጥ የተጠቀጠቀበት ነጭ ትራስ ሰፋላት። ልማድ ነው፤ እጅን ምን ታደርገዋለህ። ስም ሲወጣላት መምህር ጌታሁን ባሕርና ዘውድ ያለበት ረጅም ስም ልከው ነበር፤ ጎኗ ላይ አልበቃ አለ። አኮይ ተኽለ፣ "የመጀመሪያው የጀልባ አናጢ ኖኅ ነው፤ ወለተ ኖኅ ትባል" አለና በቀለም ጻፈባት።

የፈተናው ቀን መምህር ጌታሁን ማኪና እልካለሁ ብለው ነበር። ማኪናው ቀረ። ቢመጣም የዓባ ሻውል መንገድ ሁለት በግ ጎን ለጎን አያሳልፍም። መኮንኑ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ወደ ምጽዋ ወራጅ ነው፤ ካላገኘን ሄደ ማለት ነው። "በትከሻ!" ተባባልን። ቫርኒሹ ገና እርጥብ ስለነበር አቧራ እንዳይቀመጥበት አኮይ ተኽለ ጨርቅ አመጣልን። ያለው ጨርቅ አንድ ነው፤ ጥቁር ከፋይ፣ መካከሉ ላይ መስቀል ያለበት።

"አኮይ፣ ይኼ እኮ የሬሳ ነው።"

"ገልብጠህ አልብሳት፤ መስቀሉ ወደ ውስጥ ይሆናል። ደግሞስ መስቀል የሚጠላ ባሕር አለ?"

ገልብጠን አለበስናት። በሠፈራችን ነገሩን ሁሉም ስለሚያውቅ እየሳቀ አሳለፈን። ከሠፈር ወጥተን ገበያው አጠገብ ስንደርስ ነው ጉዱ የጀመረው።

አስመራ ሬሳ አክባሪ ከተማ ናት። ቀብር ሲያልፍ ሱቅ መዝጊያውን ግማሽ ድረስ ያወርዳል፤ ወንድ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ የማያውቀው ሰው እንኳ ቢሆን ጥቂት ተከትሎ ይሸኛል። አሁን አራት ወጣቶች፣ ፊታቸው በድካም የጠቆረ፣ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ረጅም ነገር ባለ ነሐስ እጀታ ተሸክመው ሲያልፉ ምን ይባላል? መጀመሪያ አንዱ ባለሱቅ መዝጊያውን አወረደ። ቀጥሎ ጎረቤቱ አወረደ። ቡና ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ሽማግሌ ጣሊያን ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። ትራፊክ ፖሊሱ ማኪናዎቹን አቁሞ ሰላምታ ሰጠን፤ ስዩም የአጸፋ ሰላምታ ሊሰጥ እጁን ሲያነሣ ጀልባዋ ልትወድቅብን ነበር።

"ሟቹ ማን ነው?" አለኝ አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው አጠገቤ እየተራመደ።

"ኧረ የሞተ ሰው የለም!" አልኩ።

ከኋላዬ አንዲት እናት ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው ትከሻዬን ዳበስ አደረጉኝ። በኋላ እንዳወቅሁት ኣደይ ለተኪዳን፣ እናቴ ለተኪዳን እንደማለት ነው፣ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ መደባቸውን ለጎረቤት ጥለው ነው የተከተሉን።

"እንዲህ ነው፣ ወደይ፣ ልጄ። እኔም የበኩር ልጄ የሞተ ጊዜ፣ አልሞተም፣ አልሞተም እያልኩ ነው የቀበርኩት። በለው፣ ይውጣልህ።"

"ኣደይ፣ እውነቴን ነው! ጀልባ ነው!"

"እዋይ!" አሉ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ "ልጁን አእምሮውን አስቶታል።" ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እንግዲህ ምን ይባላል? የሞተ የለም ባልኩ ቁጥር ሐዘኔ እየጸና፣ ሸኚው እየበዛ ሄደ።

ቀጥሎ ለሆነው ግን እኔም ከጥፋቱ አላመልጥም። ሬሳ መሸከም ጽድቅ ስለሆነ ካፖርት የለበሰው ሰውና ጓደኞቹ፣ "ደክማችኋል፣ ተራ ስጡን" አሉ። ትከሻዬ ተልጦ ነበር። ዓይኔ እያየ አስረከብኳት። እፎይ ብዬ እጄን ሳፍታታ ቀና ብል፣ ጀልባዬ ወደ ጥራቮሎ መሄዷን ትታ በመስቀለኛው መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጥፋለች! ብሮጥም ሕዝቡ አያሳልፈኝም፤ ሁሉም እየያዘ፣ "ጽና፣ አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ" ይለኛል።

በሩ ላይ ቄሱ ጥላ ተይዞላቸው ወጡ። ዳዊታቸውን ገልጠው፣ "ስመ ክርስትናው ማን ይባላል?" አሉ። ስዩም ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ማለት የማይችል ተማሪ ነው። ቀጥ ብሎ ቆመና፣ "ወለተ ኖኅ!" አለ።

"ያልተለመደ ነው፤ መልካም ስም ግን ነው" አሉና ፍትሐቱን ጀመሩ። ሰዓቱ ይሄዳል፤ መኮንኑ ይሄዳል፤ ሽርጤ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። በሰዎቹ ብብት ሾልኬ ገባሁና ጨርቁን ገፈፍኩት።

ካፖርት የለበሰው ሰው አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ፤ መቀመጫ፣ ነጭ ትራስ፣ ሁለት መቅዘፊያ።

"እሷስ የት አለች?" አለ።

"እሷ ራሷ ናት" አልኩ።

የምደበደብ መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቄሱ ግን ጎኗ ላይ የተጻፈውን ስም አነበቡ፤ ዳዊታቸውን አዩ፤ "የተጀመረ ጸሎት አይቋረጥም" አሉና እስከ መጨረሻው አደረሱት። ሲጨርሱ ኣደይ ለተኪዳን፣ "አሁን ወዴት ናት?" ብለው ጠየቁኝ። ጥራቮሎ፣ ለፈተና፣ አልኳቸው።

"በሉ ተነሡ" አሉ ሕዝቡን። "ሸኝቼ እመለሳለሁ ብዬ ከመደቤ ተነሥቼ፣ መንገድ ላይ ጥዬ አልገባም። ነውር ነው።" ሰው እንዲያው ዝም ብሎ ተራውን ያዘ፣ እኛንም አስከትሎ ገዛ ባንዳ በሚባለው ሠፈር በኩል ወደ ጥራቮሎ ወረደ። ነግሬያችሁ የለ፣ ሬሳ አክባሪ ከተማ ናት።

መምህር ጌታሁን ያን ሁሉ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ ባዩ ጊዜ ቀለማቸው ተለወጠ። "ማን ሞተብን?" አሉ። አጠገባቸው ነጭ የለበሰው የባሕር መኮንን ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ከአትክልቱ አጠገብ ሰፊ የውሃ ገንዳ ነበረ፣ እኛ ቫስካ የምንለው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ። ሸኚዎቹ ወለተ ኖኅን ቀስ አድርገው፣ እንደ ለመዱት ማለቴ ነው፣ ውሃው ላይ አወረዷት።

ተንሳፈፈች!

እኔና ስዩም ገባንባት። ተንሳፈፈች! ሴቶቹ እልል አሉ፤ ኣደይ ለተኪዳን ከሁሉ በላይ። ከእግሬ ሥር ውሃ ሲወዛወዝ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። በሕይወት ያለ ሰው የሚገባበት ነገር ሠራሁ፣ የገባሁትም እኔ ነኝ፣ ያውም ተነሥቼ መውጣት እችላለሁ። መኮንኑ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና መዝገቡ ላይ ሊጽፍ እርሳሱን አወጣ። ያን ጊዜ ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ ነበር።

መምህር ጌታሁን ግን፣ "አንድ ጊዜ!" አሉ። "ጥቂት ቃል ልናገር። ልጆች፣ በሰላምታ ቁሙ!"

ቆምን። ንግግሩ ከንግሥተ ሳባ ነው የጀመረው። ከሳባ እስከ እኛ ዘመን ድረስ ስንት ነገሥታት እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ አንዱንም አልዘለሉም። በመካከሉ አንድ ሽታ መጣ፤ የቅቅል ሽታ። ከኋላ ያለ አንድ ሰው፣ "ምሳ ሊያበሉን ነው" ሲል ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ውሃው ዙሪያችንን የአጥንት መረቅ መስሏል። የአኮይ ተኽለ ኮላ ወደ መጣበት እየተመለሰ ነው።

"ይህች ጀልባ!" አሉ መምህር ጌታሁን እጃቸውን ዘርግተው፣ "እንደ አንድነታችን የተጣበቀች ናት! ምስማር አላስፈለጋትም! ኃይል አላስፈለጋትም! በራሷ ወድዳ ተጣበቀች እንጂ!"

በዚህ ጊዜ የግራ ጎኗ ተነሥቶ ሄደ። የቸኮለ እንግዳ እንደሚወጣ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳይረብሽ። ቀጥሎ ወለሉ ተከተለው። መምህር ጌታሁን ወደ እኛ ጀርባቸውን ስለሰጡ፣ "ማንም አይለያትም!" እያሉ ቀጠሉ። ማንም አልሳቀም። ጮክ ተብሎ የማይሳቅበት ሳቅም አለ፤ ሕዝቡ በሙሉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያይ ነበር።

እኔ ሰላምታዬን ትቼ ጣውላዬን ለመሰብሰብ ውሃው ውስጥ ተንደፋደፍኩ። እንዴት ልተዋቸው? እያንዳንዱን በእጄ ነው የላግሁት። ስዩም ግን እጁን ከግንባሩ ሳያወርድ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሸሚዙ እንደተተኮሰ፣ ውሃው አገጩ ድረስ እስኪደርስ ወረደ። እግሩ የገንዳውን ወለል ሲነካ እዚያው በሰላምታ ቆመ።

መኮንኑ አንዱን ጣውላ ከእጄ ተቀብሎ ግጣሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"በየስንጥቁ ጥጥ ተጠቅጥቆ በቅጥራን ይመረጋል። ጥጡ የታለ?"

"ትራሱ ውስጥ ነው፣ ጌታዬ።"

ጣውላውን መለሰልኝ። "ግጣምህ ያምራል" አለ፤ "ባሕር ግን ለውበት ማርክ አይሰጥም።" ከዚያ ወደ ስዩም ዞረ። "መርከቡ ሲሰጥም ቦታውን ያልለቀቀው ይኼ ልጅ ማን ይባላል?"

ስዩምን ወሰደው። ቦታውን ያልለቀቀው ዋና ስለማይችልና በድንጋጤ ስለደረቀ መሆኑን በኋላ ራሱ ነግሮኛል። ምጽዋ ላይ ትልቅ ሰው ሆነ አሉ። መዶሻ ግን አላስያዙትም፣ እግዜር ይስጣቸው።

እኔ ቫስካው ጠርዝ ላይ ጣውላዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ። ይህን ያዩት ኣደይ ለተኪዳን ያን ሁሉ መንገድ ይዘውት የመጡትን ልቅሶ እዚያ ለቀቁት። "ወይለይ ወለተ ኖኅ! ወይለይ በአጭር የቀረሽ!" ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ካፖርት የለበሰውም ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ቄሱ፣ ለካ እሳቸውም ተከትለውን ኖሯል፣ "ጸሎቱስ አስቀድሞ ደርሷል" ብለው ሰውን አጽናኑ። ከዚያ ሸኚዎቹ ጣውላውን በየትከሻቸው ተከፋፍለው፣ በተራ በተራ፣ ዓባ ሻውል ድረስ መለሱልኝ። በር ላይ ሲለያዩኝ አንድ በአንድ እጄን እየጨበጡ፣ "ጽንዓት ይሃብካ" አሉኝ፤ ጽናቱን ይስጥህ።

አኮይ ተኽለ አንዱን ጣውላ አንሥቶ አሸተተው፤ በጣቱ ዳሰሰው፤ ፊቱ በቁጣ ተቀየረ።

"ውሃ ውስጥ አስገባችኋት እንዴ?!"

ሽርጤን ከምስማሩ አወረድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ኣደይ ለተኪዳን መጡ። በርበሬ በቋጠሮ ይዘውልኝ ነበር፤ የሐዘን ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ቁጭ ብለው ጣውላዎቹን ሲያዩ ቆዩና፣ "እስቲ ንገረኝ፣ ወደይ፣ ያቺ ነገር ጥቅሟ ምን ነበር?" አሉኝ።

"ሰውን ወደ ማዶ ታሻግራለች፣ ኣደይ።"

"እና እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ልጄ ማዶ ነው ያለው። ሣጥኔን እንደሷ አድርገህ ሥራልኝ፤ ትራሷም አይቅር።"

ከነዚያው ጣውላዎች ሠራሁላቸው። እስኪያርፉ ድረስ በርበሬ ያስቀምጡባት ነበር። ቀብራቸው ላይ ያየ ሁሉ፣ እኔም እንዲህ ያለች፣ እኔም እንዲህ ያለች እያለ መጣ፤ ይኸው ከአኮይ ተኽለ ሞት በኋላም ዓባ ሻውል ውስጥ ፊቷ ሾጠጥ ያለች ሣጥን የሚሠራ እኔ ብቻ ነኝ። የምሠራው በዚያው ኮላ ነው። እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ ደንበኛ የለም።

የራሴንም ሠርቼ ከጓሮ አስቀምጫታለሁ። ከሌሎቹ የምትለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በየግጣሟ ጥጥ ጠቅጥቄ፣ ከላይ በቅጥራን መርጌባታለሁ። ምን ይታወቃል።